ሰም ያልነካት የሰም ማሞቂያ

ዕቃ ገዝተው ዕቃው እንዳይሠራ ዘብ የሚቆሙ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ፍኖተ ሰላም ቤት ያከራዩኝ እትዬ የሺ እንደዚያ ናቸው። የእግር ጠጉር ለማንሣት ሰም የሚቀልጥባት፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማሞቂያ ገዝተዋል። በየቅዳሜው ከካርቶኗ ያወጧታል፤ ዘይት በነካ ጥጥ ወልውለው፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ ገመዷን ጠቅልለው ይመልሷታል። ጽዳቱስ ባልከፋ። ግን ምኗን ነው የሚያጸዱት? ሰም ገብቶባት አያውቅም!

ልጃቸው ልትዳር ባለች ሰሞን ሰም ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ማሞቂያዋን ስጭኝ።»

«ሰም ልትጨምሪባት?» አሉ ደንግጠው። «ኋላ ማን ይፈቀፍቃታል? በድስት አቅልጭው!»

በትልቁ ድስት ቀለጠ። ድስቱ በፈላ ውኃም በአመድም ታጠበ፤ ጠራ ተባለ። በሠርጉ ቀን የዶሮው ወጥ የተሠራው በዚያው ድስት ነበር። ከሥር ተጣብቆ የቀረው ሰም ከወጡ ጋር ቀልጦ ማዕድ ላይ ቀረበ። የሙሽራው አባት ጎረሱ፤ ጥቂት ቆይተው ጢማቸው ላይ የረጋውን ሰም ሲልጡት ጠጉራቸውን ይዞ ተነሣ።

እኔ በእትዬ የሺ ፈንታ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው በጆሮዬ፦

«አየህልኝ? ይኼ ሁሉ ጉድ በማሞቂያዬ ላይ ሊደርስ ነበር!»