የናሆም አረንጓዴ ማልያ

ኳስ ያለበት ሜዳ ሁሉ ከዳኛው በላይ የሚያውቅ አንድ ተመልካች አያጣም። ዳኛው ይለወጣል፣ ቡድኑ ይበተናል፣ ከተማው ራሱ ይፈናቀላል፤ ተመልካቹ ግን ተመልሶ ቦታው ላይ ይገኛል። የመርሳ መረብ ኳስ ሜዳ ዐዋቂ ክብርት እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ሱቃቸው ከሜዳው ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ስኳር እየመዘኑ ነጥብ ይቆጥራሉ። በወጣትነታቸው ለአውራጃው ተጫውተዋል፤ ዛሬም አጥቂ ሲዘል የእሳቸው ተረከዝ ከመሬት ይነሳል።

ጋዜጠኛ ካዩ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ጠይቀህ ነው ወይስ ገምተህ?»

እኔ ገምቼ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ሃያ ዓመት ስለ እግር ኳስ የጻፍሁ ሰው ነኝ። መረብ ኳስ ምን ይከብዳል? መረብ አለ፣ ኳስ አለ። በ2014 የካቲት፣ ጦርነቱ ከአካባቢያችን ከራቀ ሁለት ወር ሲሆነው፣ ዳግም የተሰባሰበውን የመርሳ ቡድን ልምምድ ልዘግብ ከወልድያ ሄድሁ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ቀይ ለብሰዋል፤ ናሆም የሚባለው አጭሩ ብቻ አረንጓዴ። ልቤ ተነካ። የተነካ ልብ ደግሞ አይጠይቅም።

«ጦርነት ማልያውን የቀማው ተጫዋች» ብዬ ጻፍሁ። መጨረሻው ላይ ራሴ አለቀስሁ። አንድ ደግ ነጋዴ አንብበው ቀይ ማልያ አሰፍተው ላኩ። ከግጥሚያው ሦስት ቀን በፊት በገዛ እጄ አለበስሁት። ናሆም አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ እኔ ንግግር ላይ ነበርሁ። አረንጓዴውን ለማስታወሻ ወሰድሁት። እሱ ፎቶ አንስቼ የምመልስለት መስሎት ኖሯል።

ግጥሚያው ከወልድያ ጋር ነው፤ ያሸነፈ ደሴ ላይ ለሚደረገው ውድድር ያልፋል። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «ሊቤሮው የታለ?» አለ።

«ሊቤሮ ምንድን ነው?» አልኋቸው እትዬ የሻረግን በሹክሹክታ።

ሚዛኑን አስቀመጡ። «ኋላ ቆሞ ኳስ የሚያነሳው ነዋ! ዳኛ እንዲለየው የግድ ከጓደኞቹ ሌላ ቀለም ይለብሳል፤ ሕግ ነው። የናሆም አረንጓዴው የታል?»

«ግድግዳ ላይ።»

«የማን ግድግዳ?»

«የእኔ። ወልድያ።»

«ወይ ጉድ! አለበስሁ ብለህ አራቆትከው!»

በመርሳ ቁጥር ያለው፣ ቀይ ያልሆነ ሌላ ማልያ ታጣ። ወደ ወልድያ ሮጥሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሲሪንቃ ላይ ደግሞ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ለማውረድ ስድስት ሰው ተከራከረ። ስመለስ መረቡ እየተጠቀለለ ነበር። ሦስት ለዜሮ። ናሆም አግዳሚው ላይ በአዲሱ ቀይ ማልያ ተቀምጧል፤ ላብ አልነካውም። ደሴ ለከርሞ ቀረች።

ማልያውን ዘረጋሁለት። እትዬ የሻረግ ቀድመው ተቀበሉኝና ክርኑ ላይ ያለውን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺን እየጣፍሁ ነው ተኩሱ የቀረበው» አሉ። «ሌሎቹ መጋዘን ነበሩ፤ አንድ አልቀረም፤ ቀዩ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተሰፋ ነው። ይኼን በቀሚሴ ላይ ደርቤ፣ በዚያ በነሐሴ ዝናብ፣ በውርጌሳ አድርጌ ደሴ ገባሁ። መርፌው እንኳ አልተነቀለም ነበር።»

ጦርነት ቀማው ያልሁት ማልያ፣ ጦርነት ያልቀማው አንድያው ማልያ ነበር። እኔ ነኝ የቀማሁት።

«እትዬ፣ ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ማረሚያ ጻፍሁ። አራት መስመር ነው፤ ማንም አላለቀሰበትም። በወጣ በእሁዱ መርሳ ስደርስ፣ ከሱቁ ደጃፍ ሁለት የለስላሳ ሳጥን ተደፍቷል። አንደኛው ላይ እትዬ የሻረግ ተቀምጠዋል። ሜዳው ላይ ናሆም በአረንጓዴው ይሟሟቃል።

«ይኼ የማን ቦታ ነው?» አልሁ ወደ ባዶው ሳጥን እያሳየሁ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ተመስገን» አሉ፣ «መጠየቅ ጀመረ። በል ተቀመጥ።»