ሃምሳ ስምንት ፈረስና አንድ ዳገት

(ጠዋት፤ የአንድ ቤት ግቢ። ትንሽዬ ቀይ መኪና የኋላ በሯን ወደ ላይ ከፍታ ቆማለች። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። አማች መፍቻ ይዟል፤ ሥራው መነጽር መሥራት ነው። የሚስቱ እናት፣ ጡረተኛዋ እማማ፣ ትራስ አቅፈዋል።)

አማች፡ አይገባም አልኩ እኮ እማማ!

እማማ፡ ትራስ ነው እኮ ልጄ፤ ወፍጮ አይደለም።

አማች፡ ክብደት ክብደት ነው። ስንት ኪሎ ነው?

እማማ፡ ትራስ በኪሎ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም።

አማች፡ (ተቀብሎ በእጁ እየመዘነ) ስድስት መቶ ግራም! ስድስት መቶ ከዚህ፣ ስድስት መቶ ከዚያ... ከትናንት ወዲያ መኪናዋ የሐኪም ቤቱ ዳገት ወገብ ላይ ቀጥ ያለችው ለምን ይመስልዎታል?

እማማ፡ በትራስ ነው?

አማች፡ በጠቅላላ ጭነት ነው! ሚስቴን ምጥ ይዟት፣ ሦስት ዘበኞች እየገፉን ሐኪም ቤት ገባን። ከውጭ ዘበኞቹ «ግፉ! ግፉ!» ይላሉ፤ ከውስጥ እሷ «ገና ነው! ገና ነው!» ትላለች።

እማማ፡ ምስኪን ልጄን።

አማች፡ እንደተገላገለች የመጀመሪያው ቃሏ ምን መሰለዎት? «ልጄን በዚህች መኪና አላሳፍርም፤ ታክሲ ጥራ።» እኔ እያለሁ ልጄ በሰው መኪና ቤቱ ሊገባ? ሞቼ ነው ቆሜ!

እማማ፡ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስንመለስ...

አማች፡ ስንመለስ ይጠይቁኛል። አሁን ሳይንሱን ያዳምጡ። ይቺ መኪና ሃምሳ ስምንት የፈረስ ጉልበት አላት።

እማማ፡ ሃምሳ ስምንት ፈረስ! እና አንድ ትራስ አቃታቸው?

አማች፡ ፈረስማ የለም እማማ። አነጋገር ነው።

እማማ፡ ከሌሉ ምን አስቆጠራቸው?

አማች፡ ይተዉት። ሦስት ሲሊንደር አላት፤ ሦስቱም...

እማማ፡ (ወደ ኋላ እየሸሹ) ሦስት ሲሊንደር! ማድ ቤት ያለችው አንዷ ያፈሰሰች ቀን ሠፈሩ በሙሉ ውጭ ነው የዋለው። ሦስቱን ታቅፌ ነው አራስ ጋ የምሄደው?

አማች፡ የጋዝ አይደለም! ሞተሩ ውስጥ ያለ ነው። ቆይ፣ ኮፈኑን ልክፈትና ላሳይዎት።

እማማ፡ ኧረ ክፉ አይስማው! ልጅ በተወለደ በሁለተኛው ቀን የምን ከፈን ታነሳለህ!

አማች፡ ኮፈን! ኮ! ኮ! የሞተሩ ክዳን!

እማማ፡ ታዲያ ክዳን አትለኝም?

አማች፡ (ላቡን እየጠረገ) በአጭሩ ላስረዳዎት። መኪና ጉልበት የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ትልቅ ሞተር ትገዛለህ፣ ወይ ሸክም ትቀንሳለህ። ሞተር መግዛት አልችልም። ስለዚህ የኋላ ወንበር፣ ወጣ። መጠባበቂያ ጎማ፣ ወጣ። ክሪክ፣ ቴፕ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ ወጡ። ነዳጅም ሩብ ብቻ ነው ያስቀረሁት። እኔ ራሴ ቁርስ ትቻለሁ።

እማማ፡ እኔ በልቻለሁ። ምን ላድርገው?

አማች፡ ያለፈው አልፏል። (የፊቱን የተሳፋሪ ወንበር በዓይኑ እየለካ) አሁን ይሄን አሥራ አምስት ኪሎ...

እማማ፡ (ፈጥነው ገብተው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ትራሱን ከጀርባቸው ያደርጋሉ) ይሄን ከነእኔ ንቀለው።

አማች፡ እሺ። እሺ! ከነወንበሩ ይሂዱ በቃ።

እማማ፡ እኔ የምለው፣ ስንመለስ ግን...

አማች፡ እማማ! የማስበውን አያስጠፉኝ። ሚስቴ በአራት ሰዓት በሩ ላይ እንጠብቃችኋለን ብላለች።

(ዳገቱ። መኪናዋ እያቃሰተች ትንፏቀቃለች። ከኋላ የመኪና ጥሩምባ ይንጫጫል።)

እማማ፡ ያቺ አትክልት የምትገፋ ሴትዮ አለፈችን።

አማች፡ አይዩዋት።

እማማ፡ ሰላም ብላኝ ነው እኮ።

አማች፡ በይ እንጂ! በይ የኔ ልጅ! ትንሽ ነው የቀረሽ!

እማማ፡ እኔን ነው?

አማች፡ መኪናዋን ነው!

(መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ቀጥ ትላለች። የእጅ ፍሬኑን ይስባል። ግንባሩን መሪው ላይ ያሳርፋል።)

እማማ፡ ልጄ?

አማች፡ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) እማማ፣ የጉራ ነገር አይምሰልዎት። ልጄ የመጀመሪያ መንገዱን በአባቱ መኪና እንዲሄድ ፈልጌ ነው። ሌላ ምን አለኝ የምሰጠው?

እማማ፡ (ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ) ገባኝ። ለመሆኑ የነዳጁን መርገጫ እስከ ታች ረግጠኸዋል?

አማች፡ እስከ ወለሉ! ወለሉን በስቼ አስፋልት ልረግጥ ምንም አልቀረኝ።

እማማ፡ (ጎንበስ ብለው እግሩን እያዩ) ወለሉን ነው የረገጥከው ምንጣፉን?

አማች፡ ልዩነቱ ምንድነው?

እማማ፡ ውረድ።

አማች፡ እ?

እማማ፡ ውረድ ልጄ፤ የሰው መንገድ ዘግተናል!

(ይወርዳል። እማማ በሹፌሩ በር በኩል ዞረው ከመርገጫው ሥር አንድ የጎማ ምንጣፍ ይስባሉ። ከሱ ሥር ፀጉራም ምንጣፍ ይወጣል። ከሱም ሥር ሌላ የጎማ ምንጣፍ።)

እማማ፡ ሦስት! መኪና ነው ሳሎን?

አማች፡ አዲስ ስገዛ አሮጌውን... ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብዬ...

እማማ፡ መርገጫው ገና ግማሽ ሳይወርድ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ይላል። ምስኪኗን መቼ ሩጪ አልካት? ተራመጂ ነው ያልካት፤ እሷም ስትራመድልህ ከረመች።

(ምንጣፎቹን ወደ ኋላ ወርውረው የሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ወንበሩን ወደ ፊት ይስባሉ፤ መስታወቱን ያስተካክላሉ።)

አማች፡ እማማ፣ የሹፌሩ ቦታ ላይ እኮ ነው የተቀመጡት።

እማማ፡ አውቃለሁ። በዚያኛው በኩል ግባ።

አማች፡ (እየገባ) ዳገት ላይ ነን! ወደ ኋላ ይዛን ትሄዳለች! ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አለ፤ በግራ እግር ቀስ ተብሎ...

(ሞተሩ ይነሳል። መኪናዋ ጣት የምታህል እንኳ ወደ ኋላ ሳትል ዳገቱን ሽቅብ ትወረወራለች። አማች ትራሱን አቅፎ ይይዛል።)

አማች፡ እማማ! መንጃ ፈቃድ አለዎት?

እማማ፡ ከሚስትህ በአራት ዓመት ይበልጣል።

አማች፡ ውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አልነበሩም እንዴ?

እማማ፡ ማን አለህ?

አማች፡ ማንም። መስሎኝ ነበር።

እማማ፡ (ማርሽ እየቀየሩ) የውሃ ቦቴ ነው የነዳሁት፤ ሃያ ሁለት ዓመት። በዚህችው ዳገት፣ ለዚሁ ሐኪም ቤት፣ አሥር ሺህ ሊትር ተሸክሜ በቀን ሁለቴ እመላለስ ነበር።

አማች፡ ልጅዎ እንዴት አልነገረችኝም?

እማማ፡ ነግራሃለች። ያን ጊዜ አንተ ስለ ሞተር ዘይት እያስረዳኸን ነበር።

አማች፡ ታዲያ ጠዋት ፈረሱ፣ ሲሊንደሩ፣ ከፈኑ...

እማማ፡ ሲያስረዳ ፊቱ የሚበራ አማች አለኝ። ምን ብዬ መብራቱን ላጥፋበት?

አማች፡ ምንጣፉንስ? ያን ሁሉ ብሎን ስፈታ ዝም ብለው ያዩኛል?

እማማ፡ እሱን ገና አሁን ነው ያየሁት። ሌላውን ግን ጠዋት ሁለቴ ልጠይቅህ ሞክሬ ነበር፤ ሁለቴም አስቆምከኝ።

አማች፡ ይቅርታ እማማ። ከዛሬ ጀምሮ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።

(የሐኪም ቤቱ በር። ሚስቱ ጨቅላውን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማለች። መኪናዋ በራሷ ጉልበት ስትደርስ አይታ በአንድ እጇ አፏን ትይዛለች። ዘበኞቹ ያጨበጭባሉ።)

አማች፡ (በመስኮት ብቅ ብሎ) አየሽ! በራሷ ነው የመጣችው! ማንም አልገፋም!

እማማ፡ እሺ፣ አሁን ልጠይቅህ። ስንመለስ ከነሕፃኑ አራት ነን። መቀመጫው ስንት ነው?

(አማች ዞሮ ወና የሆነውን የመኪናዋን ጀርባ ያያል።)

አማች፡ ...ሁለት።

እማማ፡ አራሷ ልጇን ይዛ አንተ የተቀመጥክበት ላይ። ሹፌሩ እዚህ።

አማች፡ ሹፌሩማ እኔ ነኝ!

እማማ፡ ይሄን ለሚስትህ ንገራትና ፊቷን እይ።

(አማች ሚስቱን ያያል። ዘበኞቹን ያያል። ቀስ ብሎ በሩን ከፍቶ ይወርዳል፤ ትራሱን ለሚስቱ ጀርባ ያመቻቻል።)

አማች፡ እሺ፣ እኔ ከኋላ ባዶው ላይ ቁጢጥ እላለሁ።

እማማ፡ በእግርህ ና።

አማች፡ ኧረ እማማ! አሁን እኮ ቁልቁለት ነው! ቁልቁለት ላይ ክብደት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ፍጥነት ይጨምራል! ሳይንስ ነው፣ ይመኑኝ!

እማማ፡ (ሞተሩን እያስነሱ) አመንኩህ እኮ። የልጅ ልጄን ይዤ ደግሞ ፍጥነት አልፈልግም።