ኦቦ በዳዳ ያልፈቱት ማሰሪያ

ሰው የማያውቀውን ሲጠየቅ ዝም የሚልባቸው ጥቂት ጉዳዮች አሉ። የመኪና ሞተር አንዱ ነው፤ የግብር ሕግ ሌላው። የሕፃን እግር ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ሁላችንም አንድ ጊዜ ሕፃን ስለነበርን፣ እግርም ስላለን፣ ነገሩን ከሥሩ እናውቀዋለን። ካላመናችሁኝ አንድ አራስ ቤት ግቡና የሕፃኗ እግር ትንሽ ችግር አለበት ብላችሁ ተናገሩ። ከዚያ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ ቶሎ አያልቅም።

እኔና ባለቤቴ ለሊሴ ይህን ያረጋገጥነው እዚሁ ቡራዩ፣ በራሳችን ሳሎን ነው። ልጃችን ሲፈን ስድስት ሳምንት ሲሆናት አዲስ አበባ ያለ ሐኪም እግሮቿን ወዲህና ወዲያ ከፈት አድርጎ አየ፤ በአልትራሳውንድም አየና የግራ ጭኗ አጥንት ራስ በዳሌዋ ጉድጓድ ውስጥ በደንብ አልተቀመጠም አለን። ከዚያ ከትከሻዋ እስከ እግሯ የሚወርድ ለስላሳ ማሰሪያ አጠለቀላት። ጉልበቶቿ ታጥፈው፣ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተው፣ ልክ ለመዝለል እንደተዘጋጀች እንቁራሪት ሆነች። ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ ሌትም ቀንም አይወልቅም። ዘለበቱ የሚቆምበትን ቦታ በማንገቻዎቹ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ አሰመረና ከዚህ መስመር የሚያነቃንቀው እኔ ብቻ ነኝ አለ። ከታገስን ትሮጣለች። ካልታገስን ጀሶ፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና።

እኔ ዕድሜዬን ዜና በመጻፍ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስሜት ሲመጣብኝ መጀመሪያ ምንጩን እጠይቀዋለሁ። እናም ማስታወሻዬን አውጥቼ ለሐኪሙ አምስት ጥያቄ አቀረብኩ፤ አምስት መልስ ተቀበልኩ። ለሊሴ ምንም አልጠየቀችም። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ብቻ ቀስ ብላ፣ ያማት ይሆን አለችኝ።

«ሐኪሙ አያማትም ብሏል» አልኳት።

«እሱ ያለውንማ ሰማሁ። አንተን ነው የጠየቅኩት።»

ለዚህ ምንጭ አልነበረኝም።

ወደ ቡራዩ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንደተለመደው ጠጋ ጠጋ በሉ ተባለ። ሁሉም ጠጋ አለ፤ ሲፈን ብቻ ጠጋ ማለት አልቻለችም። አንድ እግሯ እኛ ወንበር ላይ ነበር፣ ሌላው የጎረቤት ተሳፋሪ ጭን ላይ። ሰውየው እግሯን ይዞላት እስከ መውረጃው ሄደ፤ ሲወርድም ስለ ሕፃን እግር የሚያውቀውን ሁሉ ነግሮን ነበር።

ቤት ስንደርስ ደግሞ ጠያቂው መጣ። ወለምታ ነው፣ ቅቤ ብቻ ነው የሚፈልገው ያለ ነበር። እግሮቿን ገጥማችሁ በነጠላ ጥፍር አድርጋችሁ ጠቅልሏት፣ እኛ ሁላችን እንደዚያ ነው ያደግነው ያሉም ነበሩ። ሐኪሙ አታድርጉ ካለን ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ነበር። ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤታችን ማቴዎስ ደግሞ ረጅም ጸሎት ጸለየልን፤ አሜን ካልን በኋላ ማሰሪያውን ከየት እንደገዛነው ጠየቀ። ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ ልጅ ለመያዝ የሚመች መስሎት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ታዘብን። እኔም ለሊሴም እንጠራጠራለን። መጠራጠሩ ባልከፋ፤ ክፋቱ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ስንጠራጠር ነው። ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ከማሰሪያው በቀር ቀጥ ብሎ የሚቆም የለም። ስለዚህ ተራ አወጣን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የለሊሴ የመጠራጠሪያ ቀን ሆነ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእኔ። እሑድ የማንም አይደለም። ባለተራው የፈለገውን መናገር ይችላል፤ ሐኪሙ ልጅ ነው፣ እናውልቀው፣ የአክስቴ ልጅ ያለ ምንም ነገር ድናለች ማለት ይፈቀዳል። የሌላው ሥራ ሻይ ማፍላትና የቀሩትን ሳምንታት ቆጥሮ መንገር ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ቀኖቼን አልተጠቀምኩባቸውም። ለሊሴ እስኪያስፈልጉህ ለኔ ስጠኝ ብላ ለጊዜው ወሰደቻቸው።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ለሊሴን ያሳደጓት አጎቷ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ከጫንጮ ነው የመጡት። ከኋላቸው ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል።

«አካም ጅርቱ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ጫማቸውን እያወለቁ። «ኦቦ በዳዳን ይዤላችሁ መጣሁ።»

ኦቦ በዳዳ በአገሩ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ያላቀኑት ክንድ፣ ያልመለሱት ትከሻ የለም ይባላል። ገብሳቸውን አውድማ ላይ ትተው፣ መኪና እየቀያየሩ ነው የደረሱት። እስቲ ንገሩኝ፣ እንዲህ ያለን ሰው ከደጅ ትመልሳላችሁ?

ለሊሴ ወደ ማድቤት ጎተተችኝ። ሐሙስ የእኔ መጠራጠሪያ ስለሆነ መጠንከር የእሷ ተራ ነበር። ግን አባት ሆነው ያሳደጓትን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት አልሆንልሽ አላት። ለዛሬ ቀን እንቀያየር አለችኝ። ተቀያየርን። ደንባችን ይህን ይፍቀድ አይፍቀድ ለማየት ጊዜ አልነበረም።

ማስታወሻዬን ይዤ ሳሎን ገባሁና መግለጫ ሰጠሁ። የአጥንቱን ራስ፣ ጉድጓዱን፣ ሳምንታቱን፣ አሁን ቢጎተት ወይም ቢታሽ የሚመጣውን፣ ሁሉን በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ጥሩ መግለጫ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ በትዕግሥት ሰምተው፣ «ጨረስክ?» አሉኝ። «እንግዲህ ይፈታና ይዩአት።»

 ሰባት ሳምንት በአንድ ደቂቃ ሊፈታ ነው። ለሊሴ መጥታ ሲፈን አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ማሰሪያው ላይ አሳረፈች። አጎቷ ባሉበት ቀና ብላ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«አባባ» አለች፣ «እጄን ካላነሱት አይፈታም።»

ይህን ጊዜ ኦቦ በዳዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ማን ነው ያሰረው?»

ሐኪም ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ አልፈታም» አሉ። «ሌላ ሰው ያሰረውን፣ ያሰረው ሰው ሳይኖር አልነካም። እኔ ያሰርኩትንም የነካብኝን ሰው ሰላም አልለውም።»

ኦቦ ቶሎሳ ያን ሁሉ መንገድ እያሰቡ ይመስለኛል፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ኦቦ በዳዳ ግን ሁለት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ። አንድ ጊዜ ከራስጌ፣ አንድ ጊዜ ከግርጌ አዩአት። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ግራው ማንገቻ እያመለከቱ ጥቁሩ መስመር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ዘለበቱ የሚቆመው እዚያ ላይ እንደሆነ በኩራት ገለጽኩላቸው።

«ታዲያ ለምን እዚያ አልቆመም?»

አልቆመም ነበር። ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ወርዷል።

«ላልቷል» አሉ። «ያሰረው ሰው እንዲህ አላሰረውም። ይሄ ያዘነላት ሰው እጅ ነው።»

ያዘነላትን ሰው አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሊሴ ገበያ ሄዳ ነበር። ሲፈን ታለቅሳለች፤ ትከሻዋ ላይ ቀይ ምልክት አየሁ። መስመሩን አየሁ፣ እሷን አየሁ፣ መስመሩን ደግሜ አየሁ። ማንንም አልጠየቅኩም፣ ምንም አላጣራሁም። አንድ ጣት ምን ይላል አልኩ።

«ማክሰኞ ነው» አልኩ። ቢያንስ በራሴ ቀን ነው።

ከለሊሴ ቁጣ እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን እጇን ከቀኙ ማንገቻ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። የዚያኛውም ዘለበት ከመስመሩ ወርዷል።

«ሰኞ» አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ሁለታችንንም ተራ በተራ አይተው፣ አብራችሁ መኖራችሁ ደግ ነው፣ ሌላ ሰው ቤት ብትገቡ ሁለት ቤት ይበላሽ ነበር አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ነበርን። ማንገቻዎቹን አይቶ እኛን አየ፤ እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከባለሥልጣን እንኳ ገጥሞኝ አያውቅም። ከዚያ የትኛችሁ ናችሁ ብሎ ጠየቀ። እኔ አልን፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ። አልትራሳውንዱን እስኪያነሳ ድረስ ለሊሴ እጄን ይዛ ነበር፤ ወይም እኔ ነኝ የያዝኳት፣ ይህን አላጣራሁም። አጥንቱ አልወጣም ነበር። አጠበቀው፣ በቀይ እስክሪብቶ አዲስ መስመር አሰመረና ሁለት ሳምንት ጨመረብን። የመጠራጠሪያ ቀኖቻችንን እንደያዝን ቀጠልን፤ ነገር ግን በመጠራጠሪያ ቀኑ ማንም ሲፈንን ብቻውን እንዳይዝ ተስማማን።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት ማሰሪያው ወለቀ። የአጥንቱ ራስ ጉድጓዱ ውስጥ ደህና አድርጎ ተቀምጧል አለን። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሲፈን ነፃ የወጡትን እግሮቿን ዘረጋች፣ አየቻቸው፣ ደስ አላሏትም መሰለኝ መልሳ እንደ እንቁራሪት አጠፈቻቸው።

አሁን በጫንጮ የሚወራው ሌላ ነው። ኦቦ በዳዳ አንዲት የቡራዩ ሕፃን እጃቸውን ሳያሳርፉባት፣ በዓይናቸው ብቻ አዳኑ ይባላል። ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡባቸዋል። እሳቸውም ለመጣው ሁሉ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳችሁ አሳስራችሁ ኑ፣ እኔ ደህና መታሰሩን አይላችኋለሁ ይላሉ አሉ። ሐኪሙ ይህ ሁሉ አዲስ ታካሚ ከየት እንደሚመጣበት ሳይገርመው አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ቶሎሳ ደወሉልኝ። አጠገባቸው አላምንም የሚል ሰው ነበር። እንግዲህ ጋዜጠኛው ራሱ ይንገርህ ብለው ስልኩን ሰጡት። ሰውየው ወሬው እውነት መሆኑን ጠየቀኝ። ትክክለኛው መልስ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው ግን ዘለበቱን ማን እንዳላላው የሚናገር ነው። ለሊሴ ሲፈንን ታቅፋ ከማዶ ታየኛለች።

«አዎ» አልኩት፣ «እጃቸውን አላሳረፉባትም። ልጅቷም ድናለች።»

ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ስሕተት የለም።