ሦስት መንግሥት ያየው ጥጃ

[ላሊበላ፣ ቁራቁር ሰፈር፣ የጋሻዬ ቤት። ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ያረጁ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ጋሻዬ አስጎብኚ ነው፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ የድሮ ፎቶ ተመራማሪ ሆኗል። ማን ሾመህ ብሎ የጠየቀው የለም። አዳም የአጎቱ ልጅ ነው፤ ሙጃ በምትባል አገር ነው የሚያርሰው፤ ገብሱን ሸጦ አረፍ ሊል ገብቷል።]

አዳም፦ ያው ጥጃ ነው አልኩህ እኮ።

ጋሻዬ፦ አይደለም አልኩህ።

አዳም፦ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። እዚህኛው ላይም ነጭ አለው። እዚያኛውም ላይ።

ጋሻዬ፦ አዳም፣ እኔ የማወራህ ስለ ቤት ነው። ስለ ታሪክ! አንተ ጥጃ ላይ ተተክለህ ቀረህ።

አዳም፦ ያየሁትን ነው የምናገር፣ አያ ጋሻዬ።

ጋሻዬ፦ እሺ በቀስታ እንሂድ። በመጀመሪያው ፎቶና በመጨረሻው መሀል ስድሳ ዓመት አለ። ጥጃ ስድሳ ዓመት ሙሉ ጥጃ ሆኖ ይቀመጣል?

አዳም፦ አይቀመጥም።

ጋሻዬ፦ ስለዚህ?

አዳም፦ ስለዚህ ስድሳ ዓመት የለም።

ጋሻዬ፦ ስለዚህ ጥጃው ሌላ ነው! ይሄኛው የዚያኛው የልጅ ልጅ ነው። ነጩን ወርሶ ነው።

አዳም፦ [ወደ ፎቶዎቹ ጎንበስ ብሎ] ቅዳጁንስ?

ጋሻዬ፦ የምን ቅዳጅ?

አዳም፦ የሰውየው ሸሚዝ ብብቱ ሥር ተቀዷል። በሦስቱም ላይ።

ጋሻዬ፦ ድሮ ሸሚዝ ይወረስ ነበር። ይሄ ቅድመ አያታችን ነው፣ ይሄ አያታችን አባባ ፈንታው፣ ይሄ ደግሞ ከአጎቶቻችን አንዱ። አፍንጫቸውን ተመልከት! ይሄን የሚያህል አፍንጫ በመላው ላስታ ከእኛ ቤት ሌላ ማን ደጅ አለ?

አዳም፦ [አፍንጫውን እየዳሰሰ] እሱስ የለም።

ጋሻዬ፦ አየህ። አሁን ዝም ብለህ ስማኝ፤ ጊዜ የለንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰብሌ ትመጣለች። በከተማው አዳራሽ ውስጥ ስለ ጠፉት የላሊበላ ቤቶች ኤግዚቢሽን አዘጋጅታለች። ቤቱ የማን እንደነበረና ዘመኑን ጽፌ ካልሰጠኋት፣ ከሥሩ «ያልታወቀ ሰው» ብላ ልትሰቅለው ነው። አባባ ፈንታው በገዛ አገራቸው ያልታወቀ ሰው! አንተስ ሙጃ ነህ፤ እኔ በየቀኑ በዚያ አዳራሽ በር ነው የማልፈው። በዚህ ከተማ የእኛ ቤት ስም የተጻፈበት አንድ ድንጋይ እንኳ የለም። ያንገበግበኛል፣ እውነቴን ነው።

አዳም፦ ከጀርባው የተጻፈ ነገር የለውም?

ጋሻዬ፦ «ላሊበላ» ይላል፣ በቃ። ያነሳው አንድ ፈረንጅ ነው፤ እሱ ሲሞት ልጁ ናት ከዕቃው መሀል አግኝታ ለአዳራሹ የላከችው።

አዳም፦ አንድ ፈረንጅ?

ጋሻዬ፦ አዎ።

አዳም፦ ስድሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ዳገት ላይ ቆሞ?

ጋሻዬ፦ [ጥቂት ያስባል] አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። ፎቶ ማንሳት በቤተሰብ የሚያዝ ሙያ ነው።

አዳም፦ እንደ ጥጃው።

ጋሻዬ፦ እንደ ጥጃው። እንግዲህ ወደ ሕንፃው እንምጣ። አንደኛው ፎቶ፤ ቤቱ ድንቡሽቡሽ ብሏል፣ ክዳኑ እስከ መሬት ወርዷል። ይሄ የንጉሡ ዘመን ነው፤ ሣር እንደ ልብ፣ ሰው እንደ ልብ። ሁለተኛው ፎቶ፤ ቤቱ ግማሽ ሆኗል። ምን ዘመን ነው?

አዳም፦ እንጃ።

ጋሻዬ፦ ደርግ! ግማሹን ትርፍ ቤት ነው ብለው ወረሱት።

አዳም፦ ግማሹን ቆርጠው?

ጋሻዬ፦ አዋጅ አዋጅ ነው። ሦስተኛው ፎቶ፤ ምንም የለም፣ እንጨት እንጨቱ ቀርቷል። ይሄ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው፤ ለልማት ተነስቷል። ሦስት ፎቶ፣ ሦስት መንግሥት። ዩኒቨርሲቲ ቢሆን በዚህ ብቻ ያስመርቀኝ ነበር።

አዳም፦ በሩ የታለ?

ጋሻዬ፦ በዚያኛው ጎን ነዋ።

አዳም፦ መስኮቱስ?

ጋሻዬ፦ የጥንት ጨዋ መስኮት አያበጅም። ምን ሊያይ? የሚፈልገውን ሰው ያስጠራዋል።

አዳም፦ ይሄ በሬስ ምን እያደረገ ነው?

ጋሻዬ፦ ቆሟል።

አዳም፦ ቤቱን አፉ ውስጥ አድርጎታል።

ጋሻዬ፦ እያሸተተ ነው።

አዳም፦ አያ ጋሻዬ፣ አገጩ ላይ ተንጠልጥሏል እኮ። ሁለተኛው በሬም እየበላ ነው። ጥጃውም አፉን አስገብቷል።

ጋሻዬ፦ ከብት ቤት አይበላም!

አዳም፦ እኔም እሱን ነው የምልህ። ከብት ቤት አይበላም።

[ጋሻዬ መነጽሩን አውልቆ ይጠርገዋል።]

ጋሻዬ፦ ምን ልትል ነው?

አዳም፦ ይሄ ቤት አይደለም። ክምር ነው።

ጋሻዬ፦ የምን ክምር?

አዳም፦ የጭድ። ኅዳር ላይ ተከመረ፣ በጋውን ከብቱ በላው፣ አለቀ። ሰውየው አንድ ሰው ነው፣ ጥጃውም አንድ ጥጃ ነው፣ ሸሚዙም የተቀደደው አንዴ ነው። መንግሥት የሚባል ነገር አልተለወጠም።

ጋሻዬ፦ ትርፍ ቤቱስ?

አዳም፦ ትርፍ ጭድ ነበር። አሁን የለም።

ጋሻዬ፦ [ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያያል፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል] ክምር...

አዳም፦ በክምር እንኳ እኔን አትከራከረኝ። በዓመት ስንት ክምር ነው የምከምር! አንተ ያስጎበኘኸውን ቱሪስት ያህል ክምር አይቻለሁ።

ጋሻዬ፦ ቤት ካልሆነ ሰብሌ አትቀበለኝም። የቤት ኤግዚቢሽን ነው። «ያልታወቀ ሰው» እንኳ አይሆኑም፤ ፖስታ ውስጥ ገብተው ይመለሳሉ። [ስልኩን ያነሳል] ልደውልላትና ልንገራት።

አዳም፦ [ደንግጦ] ቆይ እንጂ! እኔ ዝም እላለሁ። ቤት ነው በላት።

ጋሻዬ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የወጣ ገበሬ ሁሉ አዳራሹን ሊያይ ይገባል። ከፍላቂት የመጣውም፣ ከሙጃ የመጣውም አባባ ፈንታው ፊት ቆሞ ይስቃል። ባይሰቀሉ ይሻላል።

አዳም፦ አፌን በቆረጠው! አንተ ስትደሰት ዝም ብል ምናለ?

[ጋሻዬ ስልኩን እንደያዘ ሦስተኛውን ፎቶ አንስቶ በአጉሊ መነጽር ያያል። ሊሰናበታቸው ነው።]

ጋሻዬ፦ አዳም።

አዳም፦ ወዬ።

ጋሻዬ፦ ክምሩ ባለቀበት ቦታ ዙሪያውን የቆመው እንጨት ምንድን ነው?

አዳም፦ አጥር ነዋ። ክምር ይታጠራል፤ አለዚያ የጎረቤት ከብት ይጨርሰዋል።

ጋሻዬ፦ ጭቃ ተመርጓል።

አዳም፦ እ?

ጋሻዬ፦ አጥሩ። እስከ ወገቡ ጭቃ ተመርጓል።

አዳም፦ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ንፋስ እንዳያስገባ መርገውት ነው።

ጋሻዬ፦ መሀሉ ላይ ትልቅ ምሰሶ ቆሟል።

አዳም፦ ክምሩ እንዳያዘነብል። አንዳንዱ ይተክላል።

ጋሻዬ፦ አንተ ትተክላለህ?

አዳም፦ እኔ አልተክልም። አንዳንዱ ይተክላል።

ጋሻዬ፦ ምሰሶው ላይ ወንፊት ተሰቅሏል።

አዳም፦ ጭዱን ሊነፉት ይሆናል።

ጋሻዬ፦ ጭድ ይነፋል?

አዳም፦ ድሮ ይነፋ ነበር። በክምር አትከራከረኝ አልኩህ እኮ!

ጋሻዬ፦ አልተከራከርኩም፣ ልማር ብዬ ነው። ምሰሶው ሥር ደግሞ ሦስት ድንጋይ አለ። ጥቁር። ላያቸው ላይ ድስት ተጥዷል። አጠገቡ ሴትዮ ቁጭ ብላለች። እንግዲህ ክምር ውስጥ ጉልቻ ይኖራል?

[አዳም ፎቶውን ከጋሻዬ እጅ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ያያል።]

አዳም፦ ከላይ ነው ያነሳው።

ጋሻዬ፦ ማን?

አዳም፦ ፈረንጁ። ዳገቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል ነው ያነሳው። ለዚህ ነው በሩም ግድግዳውም ያልታየን፤ የምናየው ጣራውን ብቻ ነው። [ይቀመጣል] ቤት ነው፣ አያ ጋሻዬ።

ጋሻዬ፦ በሬው ግን እየበላው ነው።

አዳም፦ አዎ፣ እየበላው ነው። ክዳኑን እያወረዱ ነው የሰጡት። በሬዎቹን ተመልከታቸው፤ ጎናቸው ይቆጠራል። ጭድ አልቆባቸው ነው። ጭድ የሚሆን እህል ራሱ አልነበረ ይሆናል። በሬ ከሞተ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ በምን ይታረሳል? ሰው ያለ ጣራ ጥቂት ይቆያል። በሬ ሳይበላ አይቆይም።

ጋሻዬ፦ ሰባ ሰባት።

አዳም፦ ሰባ ሰባት ነው። ሌላ ዓመት ማን ቤቱን ለበሬ ያበላል? ሰውየውም ያኔ የቤቱ ጌታ የነበሩት አባባ ፈንታው ናቸው።

ጋሻዬ፦ አባቴን ስለ ሰባ ሰባት ስጠይቀው መልሱ «ተወው» ብቻ ነበር። በቃ፣ «ተወው»። እኔ ደግሞ ሦስት መንግሥት ገልብጬ ተቀምጫለሁ። በአንድ በጋ!

አዳም፦ እኔ ቀለድኩባቸው። አፈርኩ፣ ወላሂ... ይቅር ይበለኝ፣ ከእነ ሀሰን ጋር ስነግድ ውዬ ምላሴ ለምዷል። ብቻ አፈርኩ።

ጋሻዬ፦ ሰብሌ ሳትደርስ ልጻፈው። [ይጽፋል፤ ያነባል] «የአቶ ፈንታው ቤት። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት። ጣራውን በሬዎቹ በሉት። በሚቀጥለው ዓመት አርሰው መለሱት።»

አዳም፦ ጥሩ ነው። መጨረሻዋ ላይ ግን አላመንኩህም።

ጋሻዬ፦ ምኗ ላይ?

አዳም፦ «መለሱት» የምትለው ላይ። ቤቱ መልሶ መከደኑን በምን አወቅህ? አራተኛ ፎቶ የለህም። ዝም ብለህ አምሮልህ ነው። ተመራማሪ ነኝ ካልክ ማስረጃ ይኑርህ።

ጋሻዬ፦ ልክ ነህ። ማስረጃ ያስፈልጋል። አንተ መቼ ነው የተወለድከው?

አዳም፦ ይሄ ምን አገናኘው?

ጋሻዬ፦ መልስልኝ።

አዳም፦ ሰባ ዘጠኝ። ነሐሴ ላይ። እናቴ ስትነግረኝ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲያወርደው አድሮ፣ አንዲት ጠብታ ሳትነካኝ ነው የተወለድኩት።

ጋሻዬ፦ ሙጃ ነው የወለደችህ?

አዳም፦ ኧረ እዚሁ ላሊበላ። ሙጃ የሄድነው አባባ ፈንታው ካረፉ በኋላ ነው። እኔን የወለደችኝ አባባ ፈንታው...

[ያቆማል። አንደኛውን ፎቶ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስባል።]

ጋሻዬ፦ አባባ ፈንታው ምን?

አዳም፦ ...ቤት።

ጋሻዬ፦ ክምር አይደለም?

አዳም፦ እስቲ መነጽሩን አቀብለኝ። [በአጉሊ መነጽሩ ጣራውን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል] እንዴት ያለ አከዳደን ነው፣ አያ ጋሻዬ። እጃቸው ይባረክ።

[በር ይንኳኳል። ጋሻዬ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል።]

አዳም፦ አያ ጋሻዬ! ለሰብሌ እንዳትነግራት፣ በእናትህ።

ጋሻዬ፦ ምኑን?

አዳም፦ የተወለድኩበትን ቤት ጭድ ነው ብዬ እንደተሟገትኩህ።

ጋሻዬ፦ ከአፌ አይወጣም። [ወረቀቱን እያጠፈ] ከሥሩ የምስጋና መስመር መኖር አለበት ስላለች ብቻ አንዲት ነገር ጨምሬአለሁ።

አዳም፦ ምን ብለህ?

ጋሻዬ፦ «መረጃውን የሰጡን፦ አቶ አዳም፣ ከሙጃ፣ የክምር ባለሙያ።»