ከገመድ ላይ የጠፉት ፌስታሎች

ሰው ሲያረጅ ሁለት ነገር ይበዛበታል፤ መድኃኒትና ጋዜጣ። መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጋዜጣው መልሶ ይወስደዋል። ሰሞኑን ያነበብኩትማ ወንበሬ ላይ አድርቆ አስቀረኝ። ፕላስቲክ እየደቀቀ፣ እየደቀቀ፣ ዐይን የማያየው ብናኝ ሆኖ ከውሃው፣ ከአፈሩና ከዓሣው ሆድ አልፎ የሰው ደም ውስጥ ገብቷል ይላል። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። ምን ያህል እንደሚጎዳን ሊቃውንቱ ገና አጣርተው አልጨረሱም፤ ደግ ነገር ነው ያለ ግን አላጋጠመኝም። እናንተ ይህን ስትሰሙ "የዘመኑ ጣጣ" ትሉ ይሆናል። እኔ ያሰብኩት አንዲት ላም ነው።

ከአገሬ ከወጣሁ ረጅም ዘመን ሆነኝ። ናፍቆቱን ለሚችሉት ትቻለሁ፤ የሰፈሬን ሰዎች አብጥሬ ስለማውቃቸው አይናፍቁኝም። በደርግ ጊዜ አስተማሪ ሆኜ የምኖረው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል አሉ። ያኔ ግን አውሮፕላኑ ከወዲህ ይነሣል፣ ከብቱ ከወዲያ ገርጂ ሜዳ ላይ ይግጣል፤ አንዱ ሌላውን ከቁብ አይቆጥረውም።

ፌስታል በዚያ ጊዜ ዕቃ ነበር። አትሳቁ። ዛሬ ነፋስ የሚያንከራትተው፣ ቦይ የሚደፍነው ፌስታል ያኔ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ከሽቶው ቀጥሎ የሚጠበቅ ስጦታ ነበር። የተላከውን ሹራብ ለባለቤቱ አስረክቦ ፌስታሉን ለራሱ ያስቀረ ሰው አውቃለሁ። ጨው ይያዝበታል፣ ቅቤ ይቋጠርበታል፣ ከኅብረት ሱቅ ስኳር ይመጣበታል፤ ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። እንደ ነጠላ። የኔው ሰማያዊ ነበር፤ አውሮፕላን የተሳለበት። ያረጀውም ቢሆን አይጣልም፤ ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል። ጭሱን በአፍንጫችን እየሳብን "እንዴት ቶሎ ይያያዛል" እንባባል ነበር።

ታዲያ አንድ በጋ ፌስታሎች ከየገመዱ ላይ መጥፋት ጀመሩ። ዛሬ የአንዷ፣ ነገ የሌላዋ። የኔው ሰማያዊም ሄደ። ሰፈሩ ሌባ ፍለጋ ሩቅ አልተጓዘም። ከአጥሩ ጥግ ባለችው የቀበሌ ክፍል ታደለች የምትባል፣ በቅርብ ከደቡብ የመጣች ቆሎ ሻጭ ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። መጤ ናት፣ ድሃ ናት፣ ቆሎ መያዣ ያስፈልጋታል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ላም ታመመች። ቡሬ ትባላለች፤ ግማሹ የሰፈር ልጅ በወተቷ ያደገ ነው። ጠዋት ወደ ሜዳ ስትሄድ፣ ማታ ስትመለስ በየደጃችን ታልፋለች፤ አተላ ያላት አተላ ትሰጣታለች። ድንገት መብላት አቆመች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ጀርባዋ አጥንት ብቻ ሆነ። እትዬ ብርቄ ሐኪም አልጠሩም። "ዐይን ነው" አሉ። የማን ዐይን እንደሆነ ሲናገሩም ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ታደለች ቆሎዋን ይዛ ስታልፍ ላሟን ቆማ አይታለቻ።

አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ።

ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ጓድ ተሰማ ሁለቱንም ክስ በጽሞና አዳመጡ። "ቡዳ የሚባል ነገር አብዮቱ አያውቅም" አሉ። ታደለች እፎይ ልትል ስትል፣ "ሌብነት ግን ያውቃል" ብለው ጨመሩበት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ሸንጎው ይቀመጣል፤ ጥፋተኛ ከተባለች ክፍሏን ታስረክባለች። ልጆቿን ይዛ የት እንደምትወድቅ የጠየቀ አልነበረም።

"ፌስታል ምን ያደርግልኛል? ቆሎውን በጋዜጣ ጠቅልዬ አይደል የምሸጥላችሁ?" ብትል፣

"እሱማ ለሽፋን ነው" አሏት እትዬ ብርቄ።

እሑድ ጠዋት ቡሬ መነሣት አቃታት። መቼም ታውቃላችሁ፤ ላም በራሷ ከሞተች በክት ናት፣ ቢላዋ ከቀደማት ግን ሥጋ ናት። እትዬ ብርቄ እያለቀሱ እሺ አሉ፤ ሰፈሩ ተጠራርቶ ቅርጫ ገባ። መደቡ እንዳይጎድል ታደለችም ተጠራች። ክስ ሌላ፣ ቅርጫ ሌላ።

አራጁ ጨጓራውን ሲቀደው የለመደውን ፈርስ አላገኘም። እጁን ከትቶ ዳበሰና "እናንተ ሰዎች፣ ኑ እዩ" አለ። ጎትቶ ያወጣው ዱባ የሚያህል፣ የተድቦለቦለ፣ የተገመደ ነገር ነበር። በጣቱ ፈለቀቀው። ቀይ ወጣ። ቢጫ ወጣ። ባለ አበባው ወጣ። የኔው ሰማያዊ ወጣ። ሁላችንም የየራሳችንን እያወቅን ማንም የኔ ነው አላለም። አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆምኩ። ለካ በሳሙና ብናጥበውም የጨውና የቅቤው ጣዕም ከፌስታሉ አይለቅም፤ ቡሬም በየደጃችን ስታልፍ ከገመዱ እየሳበች ስትውጥ ከርማለች። ይህንን ሁሉ ሆዷ ውስጥ ተሸክማ ስትታለብ ነበር። ልጆቹም ሲጠጡ።

ታደለች ወደ ፊት ወጣች።

"እትዬ ብርቄ፣ ይኼም የኔ ዐይን ነው?"

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ጓድ ተሰማ ግን የሥልጣን ሰው ናቸውና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ ሌባዋ ታርዳለች፤ ሸንጎው አይቀመጥም" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይቅርታ ያለ የለም። በኛ ሰፈር ይቅርታ ሲከብድ ይሳቃል።

አሁን የምነግራችሁን እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ፌስታሎቹ ታጠቡ። አዎ፣ ከላም ሆድ የወጡት። በፈላ ውሃና በሳሙና ታሽተው ፀሐይ ላይ እስኪደርቁ ሥጋው ተመደበ፣ ዕጣ ተጣለ፤ ከዚያ ሁሉም ድርሻውን በየፌስታሉ ይዞ ገባ። ታደለች ብቻ ሳህን ይዛ መጣች።

"ምነው፣ ፌስታል እንስጥሽ እንጂ" አሉ እትዬ ብርቄ፤ መካሳቸው ነበር።

"ይቅርብኝ፣ እትዬ። ነገ ፌስታል ይዤ ብታዩኝ ደግሞ ትከሱኛላችሁ" ብላ ሥጋዋን በሳህን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ክፍሏ የሷው እንደሆነ ቀረ። ዛሬ ሊቃውንቱ ምግብን ከፕላስቲክ አርቁ የሚሉንን እሷ ያኔ አድርጋዋለች፤ እውቀት ኖሯት ሳይሆን እኛን ፈርታ።

እኔም ሰማያዊዬን ቤት ወስጄ ዘረጋሁት። ጫፍ ጫፉ የለም፤ የአውሮፕላኑ አንድ ክንፍ ተበልቶ ሄዷል። ተመልሼ አራጁን ብጠይቀው "ሆዷ ውስጥ የቀረ ነገር የለም" አለኝ። ታዲያ ክንፉ የት ገባ? ያኔ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ይኸው ጋዜጣው፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ የት የት ሊገባ እንደሚችል ነገረኝ።

ሰፈራችን ግን ከነገሩ ትምህርት አልወሰደም እንዳትሉ። በማግስቱ እትዬ ብርቄ መሰላል ተውሰው የሁላችንንም ገመድ ላም በማይደርስበት ከፍታ አሳሰሩት። ፌስታሉም እንደ ወትሮው ተሰጣበት።