ጋሽ ደምሴ ሲከሱ

ሰው ሲወፍር «አማረበት» ብለን የምንመርቅ፣ ሲከሳ ደግሞ «ምን ነክቶት ይሆን?» እያልን የምንንሾካሾክ ሰዎች ነን። ቦርጭ በእኛ ዘንድ የምቾት ማስረጃ ነው። ከቦርጩ በላይ የተቀመጠውን ጉበት ግን ማን ጠይቆት ያውቃል? ጥርስ ሲታመም ሰፈር ያስነሳል። ጉበት ዝም ይላል። ዝም ብሎ ስብ ይሞላል፣ ዝም ብሎ ይደርቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ዝምታው ነው።

ሮቤ ውስጥ አንድ አጥር የሚያዋስነን ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። መድኃኒቱን ትዝ ሲላቸው ይውጣሉ፣ ቀኑን ወንበር ላይ ይውላሉ፣ አመሻሽ ላይ አረቄ ቢጤ ይቀምሳሉ። አምና ለክትትል ወደ ጎባ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ አልትራሳውንዱን ሆዳቸው ላይ ስታንሸራትት፣ ስክሪኑን የሳነቴ ተራራን ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ሞላው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጉበትዎ ነው፤ ስብ ይዞታል።»

«አሞኝ አያውቅም እኮ።»

«አያምምማ» አለች ሐኪሟ በቀስታ። «ስኳሩ ካልተያዘ፣ ቦርጩ ከጨመረ፣ ደም ግፊትም አረቄውም ከታከለበት ስቡ ወደ ጠባሳ ሊሄድ ይችላል። ያኔም ላይሰማዎት ይችላል። የሚሰማዎት ከረፈደ ነው።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መዳፋቸውን ከቀኝ ጎናቸው አላነሱም፤ እዚያ የተደበቀ ሰው ያለ ይመስል። «አሁንም ዝም ብሏል» አሉኝ። ቀትር ነበር። እኔን ግን በረደኝ።

ከዚያ ወዲያ አረቄው ቀረ፤ ለስላሳውም ቀረ። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጡ፣ ጠዋት ጠዋት በሲናና መንገድ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ቦርጩ ቀስ በቀስ ጠፋ። ይኼኔ ነው ከተማው የፈራው። ሲያልፉ ወሬ ይቆማል። ፀጉር አስተካካያቸው አገጫቸውን እየላጨ፣ ከጎን ለተቀመጥኩት ለእኔ «ኦቦ ደምሴ ደግ ሰው ነበሩ» አለኝ። ነበሩ! ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ነው፤ እሳቸው በመስታወቱ ውስጥ ያዩናል።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበችም ወሬው ሲበዛባቸው አንድ ቀን ክትፎ በቅቤ አቀረቡ። «አስርባ ልትገድለው ነው እያሉኝ ነው» ብለው አለቀሱ። ጋሽ ደምሴ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

በቅርቡ እንደገና ጎባ ሄድን። ጉሙ ሳስቷል። ሐኪሟ «ጉበትዎ እያገገመ ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉ» አለቻቸው። ሮቤ ገብተን ብንናገር ማን ይመን? «ሐኪሞቹ ደብቀዋቸው ነው» ተባለ።

ባለፈው እሑድ ዘመዳቸው እትዬ አስካለ ወሬውን ሰምተው ከጎሮ መጡ፤ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው። ደጃፉ ላይ እትዬ ዘነበችን አቅፈው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ከበሩ ጀርባ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስሩ ነበር። ቀና ሳይሉ «አሜን» አሉ፤ ከዚያም በሁለቱ ሴቶች መሀል አልፈው ወደ መንገዳቸው ወጡ።