ንቡ እንዳይሰማ

ሰላም ጥሩ ነገር ነው። ይህን ከመነሻው የምናገረው በኋላ እንዳትታዘቡኝ ብዬ ነው፤ ከዚህ በታች የማወራላችሁ በሙሉ ሰላምን ማማት ነውና። እኔ ራሴ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ሲጋጋል «እባካችሁ እንረጋጋ» ከሚሉት ወገን ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ይከፈት አይከፈት ተብሎ ጠብ ሲነሣ መካከል ገብቼ የምገላግል፣ በመጨረሻም መስኮቱ አጠገብ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ነገር ግን እድሜ ለወላጆቼ፣ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ሰላም ለሁሉም ቤት እኩል አይስማማም። አንዳንዱ ቤት ሲገባ እንደ ወፍራም ሹራብ ያሳክካል።

እናትና አባቴ ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ተሂዶ፣ ከመኪና ተወርዶ፣ አርባ ደቂቃ በእግር ከተኳተነ በኋላ በምትገኝ መንደር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ሠላሳ አምስቱንም ተጨቃጭቀዋል። ክፉ ነገር እንዳይመስላችሁ። እጅ አይነሣም፣ ሽማግሌ አይጠራም፣ ቂም የሚባል ነገር አያድርም። የእኛ ቤት ጭቅጭቅ የቤቱ አስተዳደር ነው። እናቴ «ዛሬም በሬዎቹን ውኃ ሳታጠጣ ልትገባ ነው?» ትላለች። አባቴ «አጠጥቻለሁ፤ ይልቅ ያቺ ጥጃ ታስራለች?» ይላሉ። «እኔ ስንት እጅ አለኝ?» ትላለች እናቴ። መንገደኛ ቢሰማ ይህ ቤት ዛሬ ሊፈርስ ነው ብሎ ያማትባል። እኛ ልጆቹ ግን ከዚህች አጭር ምልልስ በሬዎቹ መጠጣታቸውን፣ ጥጃዋ አለመታሰሯን፣ እራቱም ገና መሆኑን አውቀን ወደየሥራችን እንሰማራለን። እናንተ ለዚህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋችኋል።

መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ እህቴ ይታይሽ ደወለችልኝ። ይታይሽ ሦስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ዘንድሮ የተመለሰች ናት። ስልኩ ውስጥ እያንሾካሾከች፣

«ንብ ገባልን» አለችኝ።

«እሰይ!» አልኩ ከወንበሬ ተነሥቼ።

«ቀስ በል።»

«ስልክ ላይ እኮ ነኝ፤ ደብረ ታቦር ነው ያለሁት።»

«ቢሆንም» አለችና ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤታችን ታዛ ሥር አንድ ያረጀ ቀፎ ተሰቅሏል። አባቴ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ውስጡ የነበረው ንብ አንድ ረፋድ ላይ ተነሥቶ፣ ግቢውን ሁለቴ ዞሮ፣ ጉብታውን አቋርጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ቀፎውን በእበት ይለቀልቁታል፣ በወይራ ያጥኑታል፣ አፉን መልካም ሽታ ባለው ሣር ያሹታል። ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን መንጋው በላያችን እያፏጨ ያልፋል፤ ወደ እኛ ቀፎ ግን ዞር ብሎ አያይም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ንብ ጠብ ካለበት ቤት አይቀመጥም ይባላል። ስለዚህ ንቡ የሄደ ለት መንደሩ በሙሉ ማንን እንደተመለከተ አልነግራችሁም። አባቴ በዚያ ባዶ ቀፎ ሥር ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፉ ነበር፤ የአባታቸውን ንብ በምላሳቸው እንዳባረሩት አምነው ነበር።

እንግዲህ አሁን ንብ ገባ። አባቴም አዋጅ አወጡ፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል በዚህ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ።

የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ለመስቀል ስገባ ቤቱ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለኝ። ውሻችን መቻል አልጮኸብኝም፤ ለጎረቤት በአደራ ተሰጥቷል አሉኝ። ዶሮዎቹ እንኳን አደብ የገዙ ይመስላሉ። አውራ ዶሮው ላይ ብቻ አዋጁ አልሠራም፤ በየማለዳው በጮኸ ቁጥር አባቴ በግልምጫ ያዩታል። እናቴ በሹክሹክታ ሳመችኝ። ከዚያም ዞር ብላ ያን «አንተ ሰውዬ» ስትለው የኖረችውን ባሏን፣ «ልጁ መጥቷል፤ ወደ ቤት ይግቡ» አለቻቸው። አንቱ! እኛ ልጆቻቸው ነበርን አንቱ የምንላቸው። ሰው እንዲህ የሚከባበረው ሊፋታ ሲል ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ሰላም ቤታችንን እንዴት አድርጎ እንዳፈረሰ በዓይኔ አየሁ። ላሟን ማን ያልባት? እናቴ ይታይሽ ያለበቻት መስሏታል፤ ይታይሽ እናቴ ያለበቻት መስሏታል፤ መጠየቅ ደግሞ ወቀሳ ይመስላል ተብሎ ማንም አልጠየቀም። በሰላሙ የወፈረችው ጥጃዋ ብቻ ናት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናቴ ከደጅ ቆማ ሸለቆውን ስታይ ቆየችና ወደ አባቴ ጠጋ ብላ፣ «እንዲያው ካላስቸገርኩዎት፣ አንዲት አህያ ከገብሱ ሳትገባ አልቀረችም» አለች። አባቴም «ስለ ነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው ተነሡ፣ ቀስ ብለው ዱላቸውን ፈለጉ፣ ቀስ ብለው ወረዱ። አህያዋ በዚህ ሁሉ ትሕትና መካከል ምሳዋን ጨርሳ በራሷ ጊዜ ወጣች።

ወጡን ልተወው ነበር፤ ግን አልችልም። የዚያን ቀን ወጥ ጨው ብቻ ነበር። በደኅናው ጊዜ ቢሆን አባቴ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ «ከባሕር ነው የቀዳሽው?» ይሉና አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ይጀመር ነበር። አሁን ግን ዋጥ አድርገው «እጅሽ ይባረክ» አሉና ሦስት ጣሳ ውኃ ጠጡ። እናቴ ሦስተኛውን ስትሞላላቸው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በኋላ እንዳመነችልኝ ጨውን ያበዛችው ሆን ብላ ነው።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ «ጤፉን አይቼ ልምጣ» ብለው ይወጣሉ። ጥቂት ቆይታ እናቴ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ በዚያው በኩል ትወርዳለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም ፊታቸው በርቶ ይመለሳሉ፤ ጀሪካኑ ግን ባዶውን ነው። በሦስተኛው ቀን ከይታይሽ ጋር ተያየንና ተከተልናቸው። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እናንተስ ብትሆኑ?

ከጉብታው ማዶ፣ ከወንዙ ዳር፣ አደይ አበባ የወረሰው ሜዳ ላይ አንድ ግራር አለ። ከቤታችን ምንም ድምፅ የማይደርስበት ቦታ ነው። እኛ ከቁጥቋጦ ጀርባ አደፈጥን። አባቴ ግራሩ ሥር ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አመቻቹ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ከዚያም ለእናቴ፣

«በይ ጀምሪ» አሏት።

እናቴ ጀመረች። ስለ አህያዋ ጀመረች። «እኔ አህያ ገባች ስልህ አንተ ዱላ ፍለጋ ጓዳ ትገባለህ?» አለችና አንድ ጊዜ እንኳን ሳትተነፍስ ወደ ታዛው፣ ከታዛው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ አማቷ ወንድም ሠርግ ተሻገረች። አባቴም አልተኙም። ስለ ጨው ተናገሩ። አቤት ስለ ጨው እንዴት ተናገሩ! ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ የነበረ ነገር እየተጣደፈ ወጣ። ወንዙ ማዶ የነበሩ ዝንጀሮዎች ቆመው ያዳምጡ ነበር። እኔና ይታይሽ አፋችንን በእጃችን አፍነን በሳቅ ልንሞት ሆነ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ድንገት አባቴ ቃላቸውን ከመሐል ቆረጡ።

«እናኑ፣ አትንቀሳቀሺ» አሉ።

«ምንድን ነው?»

«ነጠላሽ ላይ ንብ አለች።» ጎንበስ ብለው ተመለከቷት። «የእኛዋ ናት።»

ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ። ሜዳው በሙሉ ይጮኻል። በያንዳንዱ አደይ አበባ ላይ አንድ ንብ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት። ከቀፎው ሸሽተው ሊጨቃጨቁ የመጡት ንቡ ለሥራ የሚውልበት ቦታ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ገበሬ የሆኑ ሰው ንብ አበባ ፍለጋ እንደሚወጣ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ንቡ የሚሰማው ቀፎው ውስጥ ሆኖ ብቻ መስሏቸው ነው።

«ሁሉንም ሰምተዋል» አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «የሰሞኑን በሙሉ ሰምተዋል። አለቀ።»

«ይስሙ» አለች እናቴ።

«እንዴት ይስሙ ትያለሽ? ያን ጊዜ የሄደብን በምን ሆነና?»

እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ለንቡ ብላ ግን አልነበረም። «ያን ጊዜ መቼ ተጣላን? ልጅቱ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ከሄደች በኋላም ዝም አልክ። እኔ ስጮኽ የሚመልስልኝ ግድግዳው ነበር። አርባ ቀን ዝም ብለኸኛል ጌጡ። ንቡ የሄደው ያኔ ነው። ሰው ከማይነጋገርበት ቤት ማን ይቀመጣል?»

አጠገቤ ሳቁ ቆመ። ይታይሽ ይህን አታውቅም ነበር፤ አባቷ መሄዷን እንደ ቀላል ያዩት መስሏት ሦስት ዓመት በሰው አገር ተከፍታ ኖራለች። ልይዛት እጄን ስሰድ ተነሥታ ከቁጥቋጦው ወጥታለች።

«አባባ፣ እኔም የምጣላዎት ነገር አለኝ። ለምን አትሂጂ አላሉኝም?»

አባቴ ከየት መጣሽ እንኳን አላሏትም። «ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

«አልቀርም ነበር» አለች፤ እንባዋ ወረደ። «ቢሆንም ይበሉኝ ነበር።»

አባቴም፣ «አትሂጂ» አሉ። ሦስት ዓመት ዘግይተው፣ የተመለሰችውን ልጅ፣ አትሂጂ። ይኼኔ እናቴ «እሷ መጥታ ቁጭ ካለች በኋላ ነው አሁን?» ብላ ጀመረች፤ ይታይሽ ለአባቷ አግዛ ለእናቷ መለሰች፤ እኔ ልገላግል ብዬ ገብቼ ለምን እንደተደበቅን ተጠየቅሁ፤ አራታችንም እየተጨቃጨቅን ሽቅቡን ወጣነው። ከግቢው በር ስንደርስ አባቴ ሹክሹክታ ጀመሩ። ሌሎቻችን ግን ሞቅ ብሎን ነበርና በቀፎው ሥር፣ ልክ በአፉ ሥር፣ አህያዋን፣ ጨውን፣ ዓረብ አገርን ሁሉ አውጥተን ዘረገፍነው። ላሟም ታለበች።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ስነሣ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጆሯቸውን ከቀፎው ጎን ለጥፈው ቆመዋል። የተኙበትም አይመስሉም። እናቴ የወተት ዕቃዋን ይዛ ከኋላቸው መጣች። ይታይሽ በር ላይ ቆመች። ሁላችንም መጠየቅ ፈራን።

«አሉ?» አለች እናቴ በመጨረሻ።

«አሉ።»

«ምን ይላሉ?»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ንብ ያስለመዷቸው አባታቸው ናቸው፤ ድምፁን ለይተው ያውቃሉ። ቆይተው፣ ትንሽም እንደ ማፈር ብለው፣ «ይጨቃጨቃሉ» አሉ።

«እንግዲያውስ ሊከርሙ ነው» አለች እናቴና ወደ ላሟ ሄደች።